ተረካቢው ይጻፈው

ለሐጅ ዝግጅት ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በኢንፎርሜሽን ሲስተም የተመረቀ ወጣት ጅዳ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን የሥራ ሂደት ጽፎ ቢሰጠንና እኛ ብናገጣጥመው የአገልግሎቱ ሞዴል አለቀ ማለት አይደል? ለምንድነው በየዓመቱ ከዜሮ የምንጀምረው?»

በሁለተኛው ጥያቄው እስማማለሁ። በየዓመቱ ከዜሮ መጀመር ነውር ነው። በመጀመሪያው ግን አልስማማም። ከእሱ በፊት ከመጡ አማካሪዎችም ጋር የተከራከርኩበት ጉዳይ ስለሆነ በወጉ ልጻፈው።

አንዲት የሐይቅ እናት ሐጅ ስታደርግ በስንት እጅ እንደምታልፍ ለዚህ ሥራ ሰው መዘርዘር አያስፈልግም። መጅሊሱ፣ ባንኩ፣ አየር መንገዱ፣ የጅዳው የሐጅ ተርሚናል፣ የአውቶቡስ ኩባንያው፣ የመካው ሆቴል፣ የሚና ድንኳን፣ ወጥ ቤቱ፣ ክሊኒኩ አንዱ ለሌላው አለቃ አይደለም። የሚያገናኛቸው ውል ነው። ከእነዚህ ሁሉ መሐል ከዳር እስከ ዳር አብሯት የሚሄድ ድርጅት አንድም የለም። የየድርጅቱን የሥራ ሂደት ሰነድ አንብቤያለሁ፤ አብዛኛው በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ነው። ሆኖም የሚነግረኝ በራሱ ግቢ ውስጥ ስለሚሆነው ብቻ ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ደግሞ ሁጃጅ የሚንገላታው ከአንዱ ግቢ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ሳይገባ ባለችው ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሞዴሉ ከርክክቡ ይጀምር እላለሁ። ርክክቡንም የሚጽፈው ተረካቢው ይሁን። ብዙ ሰው የሚቃወመኝ በዚህ በሁለተኛው ነጥብ ነው። «መረጃው ያለው አስረካቢው ጋ ነው፤ እሱ ይጻፈው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ መረጃው ያለው እሱ ጋ ነው። ነገር ግን አስረካቢው ከሚያውቀው ውስጥ የትኛው ለሌላው እንደሚያስፈልግ አያውቅም፤ የዕለት ሥራው ስለሆነ ሁሉም ተራ ነገር ይመስለዋል። ተረካቢው ግን የጎደለውን በዚያችው ደቂቃ ያየዋል፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚቸገረው እሱ ነውና።

መካ፣ አዚዚያ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ያየሁትን ልንገራችሁ። የክፍል ድልድሉን የሚሠራው ሶፍትዌር ቤተሰብን የሚለየው በመጨረሻው ስም ነበር። የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ይህ ያስኬዳል። የእኛ ሰው ስም ግን የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ነው። አሊ ሁሴን መሐመድ የሚባሉ አባት አህመድ አሊ ሁሴን ከሚባለው ልጃቸው ጋር ቢመጡ፣ ለማሽኑ አንዱ የመሐመድ ቤት፣ ሌላው የሁሴን ቤት ሰው ነው። ባልና ሚስትማ ከቶ አይገናኙም። በአንጻሩ አያታቸው መሐመድ የሚባል ከጅማ፣ ከጅግጅጋና ከከሚሴ የመጡ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቤተሰብ ተብለው አንድ ፎቅ ላይ ይደለደላሉ። ከአገር ቤት የተላከው ዝርዝር እንከን አልነበረውም፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሁሉ አለበት። ጉድለቱን ያገኘው ሱዳናዊው የሌሊት ተረኛ ነው። ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው «ልጄ ካልመጣ አልወጣም» ብለው መቀበያው ፊት ቁጭ አሉበት። ተረኛው ዝርዝሩን አትሞ አመጣና ከዳሩ በእስክሪብቶ መስመር አስምሮ አንድ ዓምድ ጨመረ፦ «ከማን ጋር መጣ?» ከዚያ እያንዳንዱን በአረብኛ እየጠየቀ፣ አረብኛ ለማይችለው ሌላ ሁጃጅ እያስተረጎመ ሞላው። እስኪነጋ ድረስ ፎቁ ሁሉ ተስተካከለ።

ያ ዓምድ ካነበብኩት የአማካሪ ሰነድ ሁሉ ይበልጥብኛል። ነገር ግን ወረቀቱ እዚያው መቀበያው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ተረኛው ሌላ ሰው ሆነ፤ ሌላ ሽማግሌም ልጃቸውን ፈለጉ። የዕውቀት አያያዝ የምንለው ሥራ እዚህ ላይ ነው ያለው፦ በመካ መቀበያ የተወለደውን ዓምድ ወደ ኋላ አስጉዞ፣ ሁጃጁ ገና ደሴ ወይም ሐረር ሲመዘገብ የሚሞላው ቅጽ ላይ ማስገባት። ዕውቀቱ የሚፈሰው ሁጃጁ ከሚጓዝበት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ወጣቱ በላፕቶፑ ያሳየኝ ሥዕል ላይ ያሉት ቀስቶች በሙሉ ከአዲስ አበባ ወደ መካ ይጠቁሙ ነበር። አንድ እንኳ የሚመለስ ቀስት አላየሁበትም።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ከስሙ ይብሳል። በዙልሒጃ 8 ጠዋት ወደ ሚና ለመጓዝ ከአገልግሎት ኩባንያው «07:00» የሚል መልእክት ይመጣል። ለእኛ ቡድን የምታስተረጉም ጅዳ ያደገች ልጅ በዋትሳፕ «አውቶቡሱ 7 ሰዓት ይነሳል» ብላ በጥሩ አማርኛ ጻፈች። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን አማርኛ ሲናገሩም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ አገሩ ነው። ከደሴና ከአዲስ አበባ የመጡት እናቶች ደግሞ 7 ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ ነው ብለው ልብሳቸውን ማጠብ ጀመሩ። ሁለቱም ወገን ትክክል ነው። አውቶቡሱ ግን የተመደበለት የመነሻ ተራ አለው፤ ካለፈው ለሌላ ቡድን ይሰጣል። መፍትሔው ከግብፃዊው ሾፌር መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ «ለምን በሶላት አትነግሯቸውም?» አለን። ከሱብሒ ቀጥሎ፣ ከዙሁር በፊት፣ ከዐስር በኋላ ሲባል የማይገባው ሁጃጅ የለም፤ ከጅማም ይምጣ ከጃካርታ። ሂጃዝ ራሱ እኮ እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ገደማ ሰዓቱን ከጀምበር መጥለቅ ጀምሮ ይቆጥር ነበር፤ ያኔ የእኛና የእነሱ ሰዓት ከሞላ ጎደል አንድ ነበር። ሾፌሩ ያን ታሪክ አያውቅም። ማወቅም አላስፈለገውም፤ ሰው የሚረከበው እሱ ስለሆነ መፍትሔውን አወቀው።

ወጣቱ የሊን ሾስታክን ሥራ አንብቧል፤ ደስ አለኝ። የባንክ ሰው የነበረችው ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ1984 ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባወጣችው ጽሑፍ አገልግሎትን እንደ ሕንፃ በንድፍ መሣል እንደሚቻል አሳይታለች፤ ደንበኛው የሚያየውንና የማያየውን በአንድ መስመር ለይታ። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ያ ንድፍ እንዲሠራ እያንዳንዱን እርምጃ እንዲለወጥ ማዘዝ የሚችል አንድ ባለቤት ያስፈልጋል። ኖናካና ታኬውቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ዕውቀት የጻፉትም እንዲሁ ነው። በሰው እጅና ልብ ውስጥ ያለውን ያልተጻፈ ዕውቀት በደንብ ተረድተውታል፤ ምሳሌዎቻቸው ግን ለዓመታት አብረው ከሚሠሩ ሰዎች ኩባንያ የተወሰዱ ናቸው። የእኛ ሾፌር ለወቅቱ ብቻ ይመጣል፤ ሐጁ ሲያልቅ አገሩ ይገባል። የሚበተን ሰው ያወቀውን ሳይበተን መያዝ የራሱ ዘዴ ይፈልጋል።

ድሮ ይህ ችግር ሌላ መልክ ነበረው። ጥንት ሁጃጁ ጅዳ ወደብ ሲወርድ ይጠየቅ የነበረው «ሙጠዊፍህ ማነው?» ተብሎ ነው። ጅዳ ላይ የሚቀበለው ወኪል፣ መካ ላይ የሚያሳድረውና ጠዋፉን የሚመራው ሙጠዊፍ፣ ውሃ የሚያቀርበው ዘምዘሚ፣ መዲና ላይ የሚቀበለው መሪ ሁሉም ሙያውን ከአባቱ የወረሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 እና 1885 ጅዳና መካ የኖረው ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርግሮንየ ይህን ማኅበር በዝርዝር ጽፎታል፤ የጃዋን ሁጃጆች የያዘው ሙጠዊፍ ቋንቋቸውን ይናገር ነበር። ዕውቀቱ ቤት ውስጥ ይኖርና ከወላጅ ወደ ወንድና ሴት ልጅ ይተላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙጠዊፎቹ በሁጃጁ አገር እየተመደቡ በስድስት ተቋማት ተደራጁ፤ እኛ አረብ ካልሆኑት የአፍሪካ አገሮች ጋር ነበርን። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሕግ ደግሞ ተቋማቱ ወደ አክሲዮን ኩባንያ ተዛወሩ።

ያንን ዘመን አልናፍቅም። ሁጃጁ በአንድ ቤተሰብ መልካም ፈቃድ ሥር ነበር፤ የተበዘበዘም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው ኑሱክና ሌላውም የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት ፈቃዱን፣ ውሉንና ካምፑን አንድ ቦታ ላይ አሳይቶናል፤ ማንም ወደ ኋላ እንዲመልሰው አልፈልግም። የምለው ይህን ነው፦ የድሮው ቤት የነበረውን የርክክብ ዕውቀት ማንም በውል አልተረከበውም። ሲስተሙ የሚያስቀምጠው ባለው ሳጥን ልክ ነው። ሳጥኑን ማን ያዘዘው? አስረካቢው።

ሳጥኑ የተወውን ለመያዝ ግን ጊዜ አለ። የጅዳው የሐጅ ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተው 210 የጨርቅ ድንኳን ጣሪያ ይዞ ነው። የሠሩት ሰዎች ሁጃጅ እዚያ ብዙ ሰዓት እንደሚጠብቅ ስለገባቸው ለመጠበቅ የሚሆን ጥላ ሠሩለት። ብዙ ሰው ያንን ጥበቃ ያማርራል። ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የምሠራበት ሰዓት ነው፤ የስኳር መድኃኒቷን በሻንጣ ጭና የእጅ ቦርሳዋን ባዶ የያዘች እናት የምትገኘው ሻንጣው መኪና ላይ ሳይጫን ነው። ይህንንም ያስተማረችን ተረካቢ ናት፤ የሚና ክሊኒክ ነርስ።

«ይህን ያህል ስለ አንድ ዓምድ?» የሚለኝ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 2015 ሚና ውስጥ በ204 እና በ223 ቁጥር መንገዶች መገናኛ ላይ በደረሰው መጨናነቅ ሳዑዲ ዐረቢያ በይፋ 769 ሰው መሞቱን አስታውቃለች። ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። በነዚያ ቀናት ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ አይቋረጥም፤ ጥያቄው ሁሉ አንድ ነው፦ «ከማን ጋር ነበረች?» ካምፑን፣ በረራውን፣ የፓስፖርት ቁጥሩን የሚነግር ዝርዝር ነበር። ከማን ጋር እንደወጣች የሚነግረው ግን አብሯት ያደረ ሰው ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የኤሌክትሮኒክስ የእጅ አምባር መጣ፤ ጥሩ ነገር ነው፤ ያም ቢሆን ማን ማንን ይዞ እንደሚሄድ አይጽፍም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የመካ ሙቀት ወደ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 1,301 ሰዎች ሲሞቱ፣ 83 በመቶዎቹ ፈቃድ ያልነበራቸው መሆኑ ተገልጿል። ድንኳን የላቸው፣ አውቶቡስ የላቸው፤ ከጅዳ ጀምሮ ማንም ያልተረከባቸው ሰዎች ናቸው። የማንም ሞዴል ውስጥ አልነበሩም።

ልጅ ሳለሁ ሐጅ አድርገው የተመለሱ የወሎ ሽማግሌዎች በምጽዋ በኩል በጀልባ የተሻገሩበትን ዘመን ሲያወሩ እሰማ ነበር። ስለ ሕንፃው ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ጅዳ ላይ ማን እንደተቀበላቸው፣ ማን ውሃ እንደሰጣቸው፣ ማን ስማቸውን ጠርቶ እንዳስገባቸው ነው። እኔ ሥራ ፍለጋ ጅዳ ስገባ የተቀበለኝ ሰው አልነበረም፤ ባብ ሸሪፍ አካባቢ ሰው እየጠየቅኩ ነው ያደርኩበትን ቤት ያገኘሁት። በዚህ ሥራ ላይ ያቆየኝ ይህ ይመስለኛል። ኋላ እናቴ ለሐጅ ስትመጣ እኔ ሌላ ካምፕ ተመድቤ ነበር። ከአውቶቡሱ ያወረዳት የማላውቀው ልጅ ቀኝ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ በግራ ጎኗ መደገፍ እንዳለባት፣ ከጎረቤቷ ከሐጃ ጋር አንድ ድንኳን መግባት እንዳለባት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ከሱ በፊት የነበረው ተረካቢ ጽፎት ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ያንን ልጅ ትመርቀዋለች።

ስለዚህ ለወጣቱም፣ ለመጅሊሱ የሐጅ ቡድን መሪዎችም የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከሚና ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ሾፌሩና የሌሊት ተረኛው፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊና ነርሷ ሳይበተኑ፣ ለሰዓታቸው ከፍላችሁ ቁጭ በሉና «ሰው ስትረከብ ምን ሳይነገርህ ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በድርጅቱ ስም ሥር ሳይሆን በርክክቡ ስም ሥር ጻፉት፤ ማን ወደ ኋላ ሄዶ እንደሚያስተካክለውም ስሙን አስፍሩ። ማስታወሻው የምዝገባ ቅጹን በሚያዘጋጀው ክፍል እጅ የሚገባው ምዝገባ ሳይከፈት ይሁን፤ ከተከፈተ በኋላ የሚደርስ ማስታወሻ ለዚያ ዓመት ሁጃጅ አይደርስለትም።