ተማሪ ጥየቃ ወደ ሐረር

ልጅን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ደግ ልማድ ነው፤ ልጁ ሐረር ከደረሰው ደግሞ ለጠያቂውም ድግስ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ከተማው ውስጥ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የተጓዘ፣ ወይም ድሬዳዋ በአውሮፕላን ደርሶ የቀረውን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ የወጣ ወላጅ በግንብ ከታጠረው አሮጌው ከተማ ከጀጎል ሳይርቅ ማደር ይችላል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ዝግጅቱ ነው። እናት አስቀድማ በሶ ታስፈጫለች፣ ዳቦ ቆሎ ትጠብሳለች፣ ድርቆሽ ታደርቃለች፤ ያውም ለልጇ ብቻ ሳይሆን ለዶርም ጓደኞቹ ሁሉ አስባ። (ስንቁ ከልጁ ይልቅ በጓደኞቹ እንደሚያልቅ እያወቀች!) ልጁ በተራው አስጎብኚ ይሆናል። አመሻሹ ላይ ወላጆቹን ሐኪም ጋራ የሚባለው ኮረብታ ላይ ይዟቸው ወጥቶ፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጀጎልን ከነግንቡ ቁልቁል ያሳያቸዋል። እዚያ ላይ ጠያቂው ወላጅ፣ መላሹ ልጁ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት የፈተናውን ሳምንት አጣሩ። በዚያ ሰሞን ስንቁን በሰው ላኩ እንጂ እናንተ አትሂዱ።