ቆጣሪ፣ ቋት፣ ንባብ፤ በኤሌክትሪክ መገናኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ከደንበኛው ቆጣሪ እስከ ኃይል አከፋፋዩ ማዕከል ድረስ የሚካሄደውን የመልእክት ልውውጥ ለመግለጽ በአማርኛ የሚሠራባቸውን ስያሜዎች ነው። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ደንበኛው ውል የሚፈርመው፣ ማስታወቂያ የሚያነበውና አቤቱታ የሚያቀርበው በእነዚሁ ቃላት ስለሆነ፣ የስያሜው ነገር ከሙያው ክልል ወጥቶ የሕዝብ ጉዳይ ሆኗል። ሂሳችን በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ ተርጓሚ ላይ ያነጣጠረ አይደለም። በማስታወቂያ፣ በሥልጠና ጽሑፍና በዜና ተደጋግመው ያጋጠሙንን ቃላት የጋራ ጉድለት አድርገን ወስደናቸዋል። የእኛም ሙያ ከጉድለቱ ነጻ አይደለም፤ ቃሉ በተፈለገበት ሰዓት ስላልደረስን፣ ሥራ የቸኮለበት ሰው የመሰለውን አኖረ።

አንድን ሙያዊ ቃል ስንመዝን ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። ቃሉ የነገሩን ጠባይ በትክክል ያመለክታልን? ሙያው የሌለው ሰሚ ያለ አስተርጓሚ ሊረዳው ይችላልን? ከቃሉስ ሌሎች ቃላት ሊረቡ ይችላሉን? ከዚህ በታች የምንሰነዝረው አስተያየት በእነዚህ ሦስት መለኪያዎች የተመሠረተ ነው።

1. «ቆጣሪ» እና «መብራት»

በመጀመሪያ ምስጋና ከሚገባው ቃል እንነሣ። «ቆጣሪ» «ቆጠረ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ አድራጊን የሚያመለክት ስም ነው። በአማርኛ የመሣሪያ ስም በአብዛኛው የሚበጀው ግን በመነሻው «መ»ን፣ በመድረሻው «ያ»ን ወይም አቻውን በመጨመር ነው፤ «መጥረጊያ»፣ «መቁረጫ»፣ «መክፈቻ» እንደምንለው ሁሉ። በዚህ ደንብ ብንሄድ የመሣሪያው ስም «መቁጠሪያ» መሆን በተገባው ነበር። «መቁጠሪያ» ግን የጸሎት ዶቃ መጠሪያ ሆኖ ቀድሞ ተይዟል። ስለዚህ ቋንቋው የሰውን መልክ ለመሣሪያው ሰጠ። ውጤቱም የተዋጣ ሆነ፤ «ቆጣሪ አንባቢ»፣ «ባለቆጣሪ»፣ «የጋራ ቆጣሪ»፣ «ቆጣሪ ማስገባት» የሚሉት ሁሉ ከእርሱ ተወልደዋል።

«መብራት»ም እንዲሁ ነው። ሕዝቡ ኤሌክትሪክን በመጀመሪያ ባየው ሥራው ስለ ጠራው፣ ዛሬም የቀዘቀዘው ምጣድ ሆኖ ሳለ «መብራት ሄደ» እንላለን። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ የተቋቋመው ድርጅት ስሙን ሲለዋውጥ ኖሮ፣ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሕዝቡ ግን «መብራት ኃይል» ማለቱን አልተወም። ከዚህ የምንማረው፣ በአፍ የገባ ግልጽ ስም በዐዋጅ የማይነቀል መሆኑን ነው። እንደዚሁም የተሳሳተ ስም አንዴ ከገባ አይነቀልምና፣ መጠንቀቅ የሚገባው አስቀድሞ ነው።

2. «ቋት»

የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን፣ የማስተላለፊያ መስመሮችንና ማከፋፈያ ጣቢያዎችን አንድ አድርጎ የሚያያይዘው ሥርዐት በአማርኛ «ብሔራዊ ቋት» እየተባለ ይጠራል። በዜና «ይህን ያህል ሜጋዋት ወደ ቋት ገባ» ሲባል መስማት ተለምዷል። ቋት ማለት በወፍጮ ቤት ዱቄት፣ በገበሬም ቤት እህል የሚጠራቀምበት ነው። ጠባዩ ማስቀመጥ ነው፤ ዛሬ የገባው ነገ ይወጣል።

የኤሌክትሪክ መረብ ግን ምንም አያስቀምጥም። የሚመነጨውና የሚበላው ኃይል በእያንዳንዷ ቅጽበት መመጣጠን አለባቸው። በአገራችን መረብ መደበኛው ድግግሞሽ በሰከንድ 50 ዑደት ነው፤ ፍጆታው ከምርቱ ሲበልጥ ድግግሞሹ ይወርዳል፣ ሲያንስ ይወጣል፤ ከልክ ሲያልፍም መሣሪያዎች ራሳቸውን ለመከላከል ከመስመር ይወጣሉ፤ ሰፊ አካባቢም ሊጨልም ይችላል። ማጠራቀሚያ አለ ከተባለ ከግድቡ በስተጀርባ ያለው ውኃ ወይም ባትሪው ነው እንጂ ሽቦው አይደለም።

በቃሉ ወገን የሚቆም ሊቅ አይጠፋም። «ቋት» ሲባል ከየአቅጣጫው የመጣው በአንድ መደባለቁን፣ የማን እህል የማን እንደሆነ አለመለየቱን ያሳያል ይለን ይሆናል። ክርክሩ ሚዛን አለው፤ የዓባይ ኃይል ከግቤ ኃይል በሽቦው ላይ ሊለይ እንደማይችል ቃሉ በትክክል ያስረዳል ብለን ልንቀበለው በተገባን ነበር። ነገር ግን ለያዝነው ጉዳይ ጉዳቱ ይብሳል። በመረቡ ላይ የመልእክት መገናኛ መዘርጋት ያስፈለገው በትክክል ቋት ስላልሆነ ነው። የሚያስቀምጥ ቢሆን ኖሮ የየሰዓቱን ፍጆታ ለማወቅ ማንም ባልተጨነቀ፣ በወር አንድ ጊዜ መቁጠር በበቃ ነበር። ስለሆነም «ቋት» የሚለው ስም የነገሩን መነሻ ምክንያት ከአንባቢው ይሰውራል። «የኃይል መረብ» እንዲባል፣ ከእርሱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄደውም «የመልእክት መረብ» እንዲባል እንመክራለን። ሁለቱ መረቦች ብዙ ጊዜ በአንድ ምሰሶ ይሄዳሉ። በከፍተኛ ማስተላለፊያ መስመሮች አናት ላይ ከመብረቅ በሚከላከለው ሽቦ ውስጥ የብርሃን መልእክት የሚያልፍበት ፋይበር አለ። እንዲህ በአንድነት ስለሚሄዱ ነው በስም መለየታቸው የሚያስፈልገው።

3. «ዘመናዊ»፣ «ብልጥ» እና «ስማርት»

«ስማርት ሜትር» ለሚባለው መሣሪያ ሦስት ትርጉሞች አይተናል። «ዘመናዊ ቆጣሪ» የሚለው ጉድለቱ የጊዜ ነው፤ የዛሬ ዘመናዊ የነገ አሮጌ ነውና ቃሉ ስለ ነገሩ ጠባይ ምንም አይናገርም። ከዚህም የተነሣ በካርድ የሚሞላው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪም «ዘመናዊ» እየተባለ ሁለቱ ይምታታሉ። ልዩነታቸው ግን ቀላል አይደለም። በካርድ የሚሞላው ቆጣሪ በራሱ ከማዕከል ጋር አይገናኝም፤ በካርዱ ላይ የተጻፈውን መልእክት ተሸክሞ የሚመላለሰው ደንበኛው ራሱ ነው።

«ብልጥ ቆጣሪ» የሚለው ደግሞ ለፈገግታ የሚዳርግ ነው። በአማርኛ ብልጥ ማለት ለራሱ ጥቅም የሚያውቅ፣ ሌላውን የሚያታልል ማለት ነው። ሒሳብ የሚያሰላ መሣሪያ ብልጥ ነው የተባለ ደንበኛ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። «ብልህ» ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም የሰውን ማስተዋል ለዕቃ መስጠት ስለሆነ፣ መሣሪያው ከሚሠራው በላይ ያሞግሰዋል።

በዚህ ረገድ የእኛን ትውልድ ልማድም መውቀስ ይገባናል። ለእያንዳንዱ ባዕድ ቃል የግእዝ አቻ ካልፈጠርን ሥራ ያልሠራን ይመስለን ነበር። «ራዲዮ»ና «ባትሪ» ገብተው ቋንቋውን አልጎዱትም፤ «ስማርት»ም በንግግር ቢኖር አንከለክልም። ነገር ግን መዝገበ ቃላቱ የመሣሪያውን ልዩ ጠባይ የሚያስረዳ ስም ሊሰጠው ይገባል። ያ ጠባይ ደግሞ ከማዕከል ጋር መልእክት መቀበሉና መስጠቱ ነው። ለዚህ ቋንቋችን «ምልልስ» የሚል የተዘጋጀ ቃል አለው። «ቃለ ምልልስ» ስንል ጥያቄና መልስ በሁለት ወገን መሄዱን ማንም ይረዳል። ስለዚህ «ባለምልልስ ቆጣሪ» እና «ባለምልልስ የኃይል መረብ» የሚሉትን እናቀርባለን።

4. «የርቀት ንባብ»

«የርቀት ንባብ» የሚለው ሐረግ ላይ ላዩን ሲታይ እንከን ያለው በአገናዛቢው ነው። «የሙቀት ንባብ» የሙቀትን መጠን ማንበብ እንደሆነ ሁሉ፣ «የርቀት ንባብ»ም ርቀትን መለካት ሊመስል ይችላል። «የርቀት ትምህርት» የሚለው ሐረግ በአጠቃቀም ስለ ተለመደ ይህን ጥፋት እንደ ቀላል ልናልፈው እንችላለን፤ «ከርቀት ማንበብ» ቢባል ግን ይጠራል።

ዋናው ጉድለት «ንባብ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ይህን ለማሳየት አሠራሩን ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ቆጣሪው በተወሰነ ጊዜ ልዩነት የፍጆታውን መጠን ይመዘግባል። መዝገቡ ከቤት የሚወጣው በአየር ሞገድ ወይም በራሱ በኃይል ሽቦው ላይ ነው። በሽቦው ሲሆን፣ ከ50ው ዑደት እጅግ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያለው ደካማ ምልክት በኃይሉ ላይ ተጭኖ ይጓዛል፤ በአውሮፓ ለዚህ ሥራ ለኃይል አከፋፋዮች የተመደበው ከ3 እስከ 95 ኪሎኸርዝ ያለው ነው። ምልክቱ ትራንስፎርመር ሲደርስ እጅግ ስለሚደክም፣ የአንድ ሰፈር ቆጣሪዎችን መልእክት የሚቀበል መሣሪያ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ይተከላል። ከዚያ እስከ ማዕከሉ ያለው መንገድ በብዙ ቦታ የተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ ነው። በኢጣልያ ኤኔል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከ30 ሚሊዮን በላይ ቆጣሪዎችን በዚህ መንገድ አገናኝቷል፤ በፈረንሳይም «ሊንኪ» የተባለው ቆጣሪ ወደ 35 ሚሊዮን ለሚጠጉ ደንበኞች ታድሏል።

እስከዚህ ድረስ «ንባብ» ብንለው አይጎዳም። ነገር ግን በዚያው መንገድ ከማዕከል ወደ ቤት የሚመጣም አለ። የታሪፍ ለውጥ፣ የሰዓት ማስተካከያ፣ የኃይል ጣሪያ መወሰኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማቋረጥና የመቀጠል ትእዛዝ ይመጣል። የሚያነብ ሰው አያዝም። ቆጣሪ አንባቢው በር አንኳኩቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ይሄድ ነበር፤ ለማቋረጥ ሌላ ሠራተኛ፣ መሰላልና ማስጠንቀቂያ ያስፈልግ ነበር። በባለምልልሱ ቆጣሪ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ መስመር ተጠቃለዋል፤ ስያሜው ግን የየዋሁን ሥራ ስም ብቻ ወስዶ የብርቱውን ደብቋል።

ስለ ቆጣሪ ለውጥ የወጣ አንድ ማስታወቂያ በሰፈራችን ተለጥፎ ነበር። አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን አስነብበውን ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ከሩቅ ማንበቡስ ይሁን፤ ከሩቅ ሊያጠፉብኝም ይችላሉ ወይ?» ብለው ጠየቁን። ማስታወቂያው በጥሩ ፊደል ታትሟል፤ ሰዋስዉም አይነቀፍም፤ ለእኒህ እናት ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም። ያንን መልስ የነሣቸው የቃሉ አመራረጥ ነው። ስለዚህ «ከርቀት ማንበብ» እና «ከርቀት ማዘዝ» የሚሉት ሁለት ቃላት ተለይተው በየውሉ እንዲሰፍሩ አጥብቀን እናሳስባለን።

5. የፍጆታው መልክ

ከ«ንባብ» ጋር የሚነሣ ሌላ ጉዳይ አለ። በወር አንድ ጊዜ የሚነበብ ቁጥር ስለ ቤቱ ብዙ አይናገርም። በየግማሽ ሰዓቱ የሚመዘገብ ቁጥር ግን ቤተሰቡ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ ምጣድ እንደሚጥድ፣ ቤቱም መቼ ባዶ እንደሚሆን ይናገራል። በኔዘርላንድ የላይኛው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ቆጣሪውን በግዴታ የሚያስገባውን ረቂቅ ሕግ ያልተቀበለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነበር። በፈረንሳይም ያለ ደንበኛው ፈቃድ የሚሰበሰበው የዕለት ድምር ሲሆን፣ ዝርዝሩ ወደ አከፋፋዩ የሚተላለፈው ፈቃድ ሲገኝ ነው። ይህን ልዩነት በአማርኛ ለመደንገግ ሁለት የተለያዩ ስሞች ያስፈልጋሉ። ሁሉም «የቆጣሪ መረጃ» ተብሎ ከተጠቀለለ ግን ደንበኛው የትኛውን እንደፈቀደ አያውቅም። «የፍጆታ ድምር» እና «የፍጆታ ዝርዝር» ብንላቸው በቂ ነው፤ ሁለቱም ቃላት በየሱቁ የሚታወቁ ናቸው።

6. «ሰብሳቢ»

ከትራንስፎርመሩ አጠገብ የሚተከለው መሣሪያ «ዳታ ኮንሰንትሬተር» ይባላል። «መረጃ ሰብሳቢ» ተብሎ መተርጎሙን አይተናል። «ሰብሳቢ» ግን በጽሕፈት ቤት አማርኛ ጉባኤ የሚመራ ሰው ሆኗል፤ «መረጃ ሰብሳቢ»ም ጥናት የሚያካሂድ ወይም የሚሰልል ሰው ይመስላል። ከላይ ከኃይል መረብ ያነሣነው ቃል ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። መሣሪያው የየቤቱን ንባብ ያጠራቅማል፤ ካጠራቀመም በኋላ ይሰጣል። ይህ በትክክል የቋት ሥራ ነው። ስለዚህ «የንባብ ቋት» እንዲባል እናቀርባለን። ባትሪዎችን አከማችቶ ኃይል የሚያስቀምጠው ተቋምም «የኃይል ቋት» ቢባል ቃሉ በባለቤትነት ይኖራል። የጠላነው ቃሉን አልነበረም፤ ያለ ቦታው መዋሉን እንጂ።

ማጠቃለያ

እነሆ «የኃይል መረብ»፣ «የመልእክት መረብ»፣ «ባለምልልስ ቆጣሪ»፣ «ከርቀት ማንበብ»፣ «ከርቀት ማዘዝ»፣ «የፍጆታ ድምር»፣ «የፍጆታ ዝርዝር»፣ «የንባብ ቋት» እና «የኃይል ቋት» የሚሉትን ዘጠኝ ስያሜዎች ለውይይት አቅርበናል። ዘጠኙም ይጸድቃሉ ብለን አንጠብቅም። በተለይ «ብሔራዊ ቋት» ሥር የሰደደ ስለሆነ ሊያሸንፈን ይችላል፤ ቢያሸንፈንም «መብራት ኃይል»ን ያቆየውን የሕዝብ ሥልጣን መቃወም አይቻለንም። «ከርቀት ማዘዝ» የሚለው ግን በምርጫ የሚተው አይደለም። በእርሱ ምትክ የተሻለ ቃል ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወይም የሕግ ዐዋቂ ቢልክልን በደስታ እንቀበላለን፤ ቃሉ ጨርሶ ከውሉ እንዲቀር የሚሻ ካለ ግን ምክንያቱን ጽፎ እንዲያስረዳን እንጠይቃለን።