የዐይን ግፊት ቁጥርና የኮርኒያ ነገር

በዐይን ሕክምና ውስጥ እንደ 21 ያለ አመኔታ ያገኘ ቁጥር ጥቂት ነው። የዐይን ውስጥ ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ከሆነ ደኅና ነው፣ ከዚያ ካለፈ ግላኮማ ያሠጋል እየተባለ ይነገራል፤ እኛም በደብተራችን የጻፍነው ይህንኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ቁጥሩን ሳይሆን፣ የተገኘበትን መንገድ ዘንግቶ ብቻውን እንደ ፍርድ የመቀበልን ልማድ ነው።

ቶኖሜትር የተባለው መሣሪያ ግፊቱን ከውስጥ ገብቶ አያይም። የሚነካው ኮርኒያን፣ ማለት በዐይን ፊት ያለውን እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን ነው። በስዊስ አገር በበርን ከተማ ይሠራ የነበረው ሐንስ ጎልድማን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ዘዴ፣ 3.06 ሚሊሜትር የጎን ስፋት ያለው የኮርኒያ ክብ ጠፍጣፋ እስኪሆን ድረስ ምን ያህል ኀይል እንዳስፈለገ ይለካል። በዚህ ስፋት ላይ የኮርኒያው ግትርነትና የእንባው ስበት አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ግን የሚሆነው ኮርኒያው መካከለኛ ሲሆን፣ ይኸውም ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት በለጥ ያለ ውፍረት ሲኖረው ነው። ጎልድማን ራሱ ውፍረቱ ከዚህ ከራቀ ንባቡ ሊዛባ እንደሚችል አልሸሸገም፤ መሣሪያውን የወረሱት ግን ማሳሰቢያውን ለረጅም ጊዜ ቸል ብለውት ኖረዋል።

ውሃ የሞሉ ሁለት ስልቻዎችን እናስብ፤ አንዱ ከበሬ፣ ሌላው ከጠቦት ቆዳ የተሠራ። የውስጣቸው ግፊት እኩል ቢሆንም በጣት ስንጫናቸው የበሬው ቆዳ ይበልጥ ይመክተናል። እንዲሁም ወፍራም ኮርኒያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ፣ ስስ ኮርኒያ ዝቅ አድርጎ ያስነብባል። ነገሩ ውፍረት ብቻም አይደለም፤ ጠባሳ ያደነደነው ኮርኒያ ቁጥሩን ከፍ ሲያደርግ፣ ውሃ ቋጥሮ ያበጠው ግን ወፍራም ሆኖ ሳለ ስለሚለሰልስ ዝቅ ያደርገዋል። በ2005 እና 2006 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት 11.5 በመቶው ትራኮማ ባመጣው የኮርኒያ ጠባሳ፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱ በአንድ ዐይን ላይ ሲገናኙ ቁጥሩ ምን ያህል ይታመን?

(አንድ ጓደኛችን አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና የአየሩ መሳሳት ቁጥሩን አያዛባም ወይ ብሎን ነበር። አያዛባም፤ መሣሪያው የሚለካው የዐይን ግፊት ከውጭው አየር ግፊት የሚበልጥበትን ያህል ብቻ ነው።)

የአርሲ ደጋ ችግር ሌላ ነው። ከአሰላ እስከ በቆጂ ባለው የገብስና የስንዴ አገር፣ በመውቂያ ወራት አውድማው አቧራና እብቅ ነው፤ ፀሐዩም ብርቱ ነው። በእንዲህ ያለ ደረቅ ወራት በልጆች ላይ የሚብስ የአለርጂ የዐይን ሕመም አለ፤ ዐይን ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ልጁም ሲያሸው ይውላል። ሕመሙ ሲበረታ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ይታዘዛል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኀኒት ቤት ገዝቶ ለወራት የሚጨምርም አይታጣም። ስቴሮይድ ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ የዐይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ ያመጣል። በሌላ በኩል ይኸው ሕመምና እሽታው ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ከሚወጣበት፣ ኬራቶኮነስ ከሚባለው በሽታ ጋር ተያይዞ ይገኛል። እንግዲህ መድኀኒቱ ግፊቱን ከፍ ሲያደርግ፣ የሳሳው ኮርኒያ ከመሣሪያው ይሸሽገዋል። ልጁ 18 ተነብቦለት «ደኅና ነህ» ተብሎ ወደ በቆጂ ቢመለስ፣ ዳግመኛ የሚመጣው ምናልባት ማየት ሲቸግረው ነው፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ደግሞ አይመለስም።

ውፍረቱን ለክቶ ቁጥሩን በሰንጠረዥ ማረም ይበቃል የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። የዴንማርኩ ኤለርስና ባልደረቦቹ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ስሌት ለ70 ማይክሮሜትር ልዩነት 5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ይታረማል፤ በኋላ የመጡ ብዙ ጥናቶች ግን ከዚህ ያነሰ እርማት አግኝተዋል። ሰንጠረዥ ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ ይናገራል እንጂ ፊታችን ስለተቀመጠው ሰው አይደለም፤ ሾጣጣ ለሆነ ኮርኒያማ ከቶ አልተሠራም። በአሜሪካ የተካሄደ ሰፊ ጥናት በ2002 (እ.ኤ.አ.) ስስ ኮርኒያ ያላቸው ሰዎች ወደ ግላኮማ የመድረስ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ የጥቁር አሜሪካውያኑ ተሳታፊዎች ኮርኒያም በአማካይ ሳሳ ያለ ነበር። ይህን አማካይ ተበድረን ለአርሲ ገበሬ ልንሰጠው አይገባም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከግፊቱ ቁጥር አጠገብ የኮርኒያው ውፍረት ይጻፍ፤ የውፍረት መለኪያ በሌለበት ጠባሳው፣ እብጠቱ ወይም ሾጣጣነቱ በቃል ይመዝገብ፤ የመሣሪያው ዓይነትና ሰዓቱም እንዲሁ። ስቴሮይድ የሚጨምር ልጅ ግን 18ም ቢነበብለት የዐይኑ ነርቭ ሳይታይ አይሰናበት።