ብዙ ግብ፣ አንድ ውሳኔ

እርስ በርስ የሚሻሙ ግቦች ባሉበት ውሳኔ ሁሉንም የሚያስደስት መልስ አይገኝም። በአዋሽ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ጥሩ ማሳያ ነው። ለኤሌክትሪክ ሲባል ሐይቁ ሞልቶ ቢቆይ ይመረጣል፤ የክረምቱን ጎርፍ ለመያዝ ግን ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ከግድቡ በታች ያሉ እርሻዎች ደግሞ በበጋ ውሃ ይፈልጋሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

እንዲህ ያለ ውሳኔ በስሌት ሲታገዝ የመጀመሪያው ሥራ ማጣራት ነው። አንድ ዕቅድ በየትኛውም ግብ ከሌላው ካልበለጠና ቢያንስ በአንዱ ካነሰ ከዝርዝሩ ይወጣል። አንዱን ግብ ሳይጎዱ ሌላውን ማሻሻል የማይቻልባቸው ዕቅዶች ይቀራሉ፤ እነዚህም በጣሊያናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በቪልፍሬዶ ፓሬቶ ስም የፓሬቶ ስብስብ ይባላሉ። እስከዚህ ድረስ የትኛው ግብ ይበልጣል ብሎ መከራከር አያስፈልግም።

ክርክሩ የሚመጣው ከተረፉት አንዱን ለመምረጥ ሲታሰብ ነው። በሰፊው የሚሠራበት መንገድ ለየግቡ ክብደት ሰጥቶ፣ ነጥቡን በክብደቱ አባዝቶ መደመር ነው። ቀላል ቢመስልም ሁለት ወጥመዶች አሉበት።

አንደኛው መለኪያ ነው። ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት፣ መስኖ በሄክታር ተለክቶ ሲደመር፣ ኪሎዋት ሰዓቱን ወደ ሜጋዋት ሰዓት መቀየር ብቻ የዕቅዶቹን ደረጃ ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ በየግቡ ዝቅተኛው ውጤት 0፣ ከፍተኛው 10 ተብሎ ሁሉም ወደ አንድ ሚዛን ይመጣል። ክብደት ሲጠየቅም ጥያቄው «ኤሌክትሪክ ይበልጣል ወይስ መስኖ?» መሆን የለበትም። ኤሌክትሪኩን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ማድረስ፣ መስኖውን እንዲሁ ከማድረስ ምን ያህል ይበልጣል ወይም ያንሳል? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የተደበቀ ነው። ዕቅድ «ሀ» ለኤሌክትሪክ 10፣ ለመስኖ 0 ያገኛል እንበል፤ ዕቅድ «ሐ» በተቃራኒው 0 እና 10፤ ዕቅድ «ለ» ደግሞ 4 እና 4። ሦስቱም ማጣሪያውን ያልፋሉ። የክብደቶቹ ድምር 1 እስከሆነ ድረስ የ«ለ» ነጥብ ምንጊዜም 4 ነው፤ ከ«ሀ» እና ከ«ሐ» የሚበልጠው ግን ከ5 አያንስም። ክብደቱ እንዴትም ቢቀያየር «ለ» አይመረጥም። ሁለቱም ወገን ሊስማማበት የሚችለውን ዕቅድ የሰወረው ቀመሩ ነው።

መፍትሔው አንዱን ግብ ወደ ገደብ መለወጥ ነው፤ ተመራማሪው ያኮቭ ሃይምስና ባልደረቦቹ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1971 አቅርበውታል። በምሳሌው ላይ «ኤሌክትሪክ ከ3 አይነስ፤ በዚህ ውስጥ መስኖው ከፍተኛ ይሁን» ቢባል «ሐ» ይወድቃል፤ ከቀሩት ደግሞ «ለ» ይመረጣል። ገደቡን ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ በማድረግ ሌሎቹንም የፓሬቶ አማራጮች አንድ በአንድ ማውጣት ይቻላል።

የመጨረሻው ሥራ መፈተን ነው። ክብደቱ ወይም ገደቡ በጥቂቱ ሲነካ ምርጫው የሚዋልል ከሆነ፣ ውሳኔው የቆመው በዚያ ቁጥር ላይ ነውና ይህ በግልጽ መነገር አለበት።

ለወሳኙ አካል መቅረብ ያለበትም አንድ ድምር አይደለም፤ የተጣሩት አማራጮች፣ እያንዳንዳቸው ከሚያስከፍሉት ዋጋ ጋር ናቸው። ሒሳብ የማይረባውን ይጥላል፤ ከሚረቡት መምረጥ ግን የሰው ኃላፊነት ነው።