ሙጫ፣ ማር፣ ቀይ አፈር

ሙጫ፣ ማርና ቀይ አፈር! እነዚህ ሦስቱ ተገናኝተው ወረቀት ላይ የሚሠሩትን ካየሁ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቅቶኛል። የምናገረው ስለ ውሃ ቀለም ነው። ሠዓሊዎቻችን ዋተርከለር ስለሚሉት፣ አብዛኞቻችን ግን በፕላስቲክ ሣጥን ከተደረደሩ ትንንሽ ክብ ቀለሞች በቀር ስለማናውቀው፣ ለልጆች ተገዝቶ በሳምንቱ ሁሉም እርስ በርስ ተደባልቆ ስለሚጣለው ነገር። እኔ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ እንጀራዬም በሌላ ሥራ ነው። ማታ ማታና እሑድ ከሰዓት ብሩሽ የማነሣ ሰው ነኝ። ያገኘሁትን ግን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስለ ብርሃኑ ልንገራችሁ። በዘይት ቀለም ወይም በአክሪሊክ ነጭ ስትፈልጉ ነጭ ትቀባላችሁ። በውሃ ቀለም ግን ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ቀለሙ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያልፈዋል፤ አልፎ ወረቀቱን ይነካል፤ ከወረቀቱ ተመልሶም በዚያው ቀለም ውስጥ አቋርጦ ዓይናችሁ ላይ ይደርሳል። ሁለት ጊዜ ነው የሚያልፈው! ጥሩ የውሃ ቀለም ሥዕል ከውስጥ የሚበራ የሚመስለው ለዚህ ነው። ነጠላ ለብሳ የተቀመጠች ሴት ስሥል ነጠላውን አልነካውም። ከኋላዋ ያለውን የግድግዳ ጥላ እቀባለሁ፣ እጥፋቱ ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ጣል አደርጋለሁ፤ ነጠላው ሳይቀባ ከወረቀቱ ውስጥ ብቅ ይላል። ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል። ፖል ሴዛን በመጨረሻ ዘመኑ ሴንት ቪክቷር የተባለውን ተራራ በውሃ ቀለም ሲሥል ሰፊውን ወረቀት እንዲሁ ትቶታል፤ የተተወው ቦታ አየር ሆኗል፣ ቀን ሆኗል። እንግሊዛዊው ተርነር እ.ኤ.አ. በ1842 “ሰማያዊው ሪጊ” በተባለው ሥዕሉ የሉሰርን ሐይቅን ንጋት በስስ ሰማያዊ ላይ ስስ ሰማያዊ እየደረበ አወጣው። ምስሉን አግኝታችሁ እዩት፤ ተራራው ከብርሃን የተሠራ ነው።

ከብርሃኑ በላይ ልቤን የወሰደው ግን ጊዜው ነው። እርጥብ ወረቀት የነካ ቀለም ባለበት አይቆምም፤ ይሄዳል። እስከ የት እንደሚሄድ የሚነግራችሁ የወረቀቱ ማብረቅረቅ ነው። ጎንበስ በሉና ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን አንጻር በአግድም ተመልከቱት። ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቀለሙ በፈለገው ይበተናል፤ ሰማይና ጉም የሚሠራው ያኔ ነው። ማብረቅረቁ ደብዘዝ ሲል ደግሞ አንዲት አጭር ጊዜ ትመጣለች። ብሩሹ የነካው ቅርጹን ይይዛል፣ ዳሩ ግን ይለሰልሳል። የሩቅ ተራራ፣ በጭጋግ የተሸፈነ የባሕር ዛፍ፣ ከጎጆ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ጢስ፣ ሁሉም በዚህች ጊዜ ውስጥ ናቸው! ማብረቅረቁ ጨርሶ ጠፍቶ፣ ወረቀቱ በእጅ ጀርባ ሲነካ ገና የሚቀዘቅዝ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። ያን ጊዜ የምትወድቅ አንዲት የውሃ ጠብታ የረጋውን ቀለም እየገፋች ወደ ዳር ታስወጣውና ጠርዙ የተበጣጠሰ ትልቅ አበባ ትሠራለች። መጽሐፎቹ ከዚህ ተጠንቀቁ ይላሉ። እኔ ግን ይህን አበባ ወድጄው ሆን ብዬ እጠራዋለሁ፤ በደመና መሀል ስትጥሉት ሰማዩ ይንቀሳቀሳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በጥር ደረቅ አየር ያቺ አጭር ጊዜ ገና ብሩሽ ሳታነሡ ታልፋለች። በሐምሌና በነሐሴ ግን! ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቦ፣ ወረቀቱ ሳይቸኩል እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ሰው ሁሉ ፀሐይ በሚናፍቅበት ወር እኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ ቀለም ሲጓዝ እመለከታለሁ። ክረምታችን ለውሃ ቀለም የተፈጠረ ወቅት ነው፤ ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። በበጋ መሥራት ግድ ሲሆን ቀለሙ ላይ አንዲት ጠብታ ግሊሰሪን መጨመር ይረዳል፤ መድረቁን ያዘገየዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ቡና። ረከቦት ላይ የፈሰሰች የቡና ጠብታ ስትደርቅ መሀሏ ሳስቶ ዳሯ ላይ ጥቁር ቀለበት እንደምትተው አይታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን “ኔቸር” በተባለው መጽሔት ላይ አብራሩት። የጠብታዋ ዳር ካረፈበት አይነቃነቅም፤ ውሃው ደግሞ ከመሀል ይልቅ በዳሩ ቶሎ ይተናል። የጎደለውን ለመሙላት ውሃ ከመሀል ወደ ዳር ይፈሳል፤ ሲፈስም ደቃቁን ቅንጣት ሁሉ እየነዳ ይወስደዋል። በውሃ ቀለም የሚሆነውም ልክ ይኸው ነው! በደረቅ ወረቀት ላይ ውሃ የበዛበት ቀለም ጠብ አድርጋችሁ ሳትነኩት ብትተዉት፣ ሲደርቅ በዙሪያው ማንም እጅ ሊሥለው የማይችል ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር ይወጣለታል። አደይ አበባ የምሠራው በዚህ ነው። ለእያንዳንዱ የአበባ ቅጠል አንድ ቢጫ ጠብታ አሳርፋለሁ፤ ከዚያ እተወዋለሁ። ዳሩን ውሃው ራሱ ይሥለዋል።

ጨውም አለ። ማብረቅረቁ ሊጠፋ በተቃረበ ቀለም ላይ ጥቂት የአፋር ጨው ፍንጣሪ በትኑ፤ እያንዳንዱ ፍሬ በዙሪያው ያለውን ውሃና ቀለም ወደ ራሱ ይስብና ሲደርቅ ስታራግፉት የነጣ ኮከብ ይቀራል።

ይህ ሁሉ በማንኛውም ወረቀት አይሆንም። ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ከቀለም ይልቅ ወረቀት ላይ አውሉት። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ካገኛችሁ አትለፉት። የጣሊያኗ ፋብሪያኖ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወረቀት ስትሠራ፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ጄላቲን በመቀባት የታወቀች ናት። ጄላቲኑ ውሃው ወዲያው እንዳይሰርግ ይከለክላል፤ ቀለሙ ላዩ ላይ የሚጓዝበትን ጊዜ የሚሰጠን እሱ ነው። በተራ ደብተር ወረቀት ላይ ሞክሮ “የውሃ ቀለም አይሆንልኝም” ብሎ የተወ ሰው ሁሉ አንዴ በዚህ ወረቀት ላይ ይሞክር ዘንድ እለምናለሁ።

እነሆ ዋናው ነገር። በቀለም ቱቦዎች ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈውን ማንበብ ስጀምር ፒ ቢ አር 7 የሚል ምልክት አገኘሁ። ሠዓሊዎች አብዝተው የሚወዱት የተቃጠለ ሲየና የሚባለው ቀይ ቡኒ በዚህ ምልክት ይጠራል። ሲፈታ ምንድን ነው? የተፈጥሮ የብረት ኦክሳይድ። አፈር ነው! ቀሪው ደግሞ የግራር ሙጫ፣ እርጥበት የሚይዝለት ማር ወይም ግሊሰሪን፣ ከዚያ ውሃ። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሙጫው ከእኛው ቆላ፣ ከቦረና ግራሮች የሚለቀም ነው። ማሩ የእኛ ነው። ቀይ አፈሩ ከእንጦጦ አቀበት ጀምሮ በየመንገዱ ቁራጭ ተገልጦ ይታያል። እናቶቻችን ለበዓል ቤት የሚለቀልቁበት አፈር፣ በሩቅ አገር በብር ቱቦ ታሽጎ የሚሸጠው ቀለም ዘመድ ነው!

አሠራሩን ዘርዘር ላድርገው፤ ማንም ሊሠራው ስለሚችል። አፈሩን አድርቃችሁ ወቅጡና በወንፊት ንፉት። በሚወቀጥበት ጊዜ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ደቃቅ አቧራ ለሳንባ መልካም አይደለም። ከዚያ በብዙ ውሃ በጥብጡት፤ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ላይ የቀረውን ድፍርስ ውሃ ቶሎ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። የምትፈልጉት ድፍርሱን ነው። እሱ አድሮ ሲጠል ላዩን ውሃ አፍስሱ፤ ከሥር የሚቀረው ጣት ላይ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ጭቃ ነው። አድርቁት። አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ ነክራችሁ አሳድሩና አጥልሉ፤ ትንሽ ማር፣ እንዳይሻግትም አንዲት ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት ጨምሩ። ከዚያ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ዱቄቱንና ሙጫውን ለውሳችሁ፣ ታቹ ጠፍጣፋ በሆነ ከባድ ጠርሙስ ሰልቁት። ክንድ እስኪዝል ድረስ ሰልቁት! በመጀመሪያ ጠርሙሱ ሥር አፈሩ ይንኳኳል፤ ቀስ በቀስ ድምፁ ይጠፋል፣ ጭቃው ማብረቅረቅ ይጀምራል፤ ያኔ ቀለም ሆኗል።

ቢጫ አፈር ያገኘሁ ዕለት የሆነውን ደግሞ ስሙ። ለምግብ በማይውል አሮጌ ብረት ምጣድ ላይ አድርጌ በከሰል እሳት ቆላሁት። ዓይኔ እያየ ቢጫው ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማው ቀይ ሆነ! ቢጫ አፈር ቀለሙን ያገኘው ጌታይት ከሚባል፣ ውሃ በውስጡ ካሰረ የብረት ማዕድን ነው። እሳቱ ያን ውሃ ሲያስወጣው ማዕድኑ ሄማታይት ወደሚባለው ቀይ ይለወጣል። የተቃጠለ ሲየናም “የተቃጠለ” የተባለው እንዲሁ ስለተቆላ ነው። ከአንድ እፍኝ አፈር፣ ቶሎ ቶሎ ከእሳቱ በማንሣት ብቻ፣ ከማር ቢጫ እስከ ጡብ ቀይ ያለውን ደረጃ ሁሉ ማግኘት ይቻላል። አንድ ሙሉ የቀለም ሣጥን ከአንድ ጉድጓድ! ጥቁሩ ዋልካ ግን አልታዘዘኝም፤ ወፈር አድርጌ ስቀባው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ እርሻ ላይ እንደሚያደርገው። እሱም ቢሆን በስሱ ሲቀባ ደስ የሚል ግራጫ አለው።

ድሬዳዋ አጠገብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ታሪክ ይህን ሁሉ ሌላ አደረገብኝ። እዚያ በተደረገ ቁፋሮ ከ4,000 የሚበልጡ የቀይና የቢጫ የብረት ድንጋይ ስብርባሪዎች፣ በጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ የሚመዝኑ፣ ከመፍጫ ድንጋዮቻቸው ጋር ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ወደ 40,000 ዓመት ነው። አርባ ሺህ ዓመት! ይህችው ምድር ላይ፣ ይህንኑ ማዕድን፣ በድንጋይ እየሰለቁ ቀለም ያወጡ ሰዎች ነበሩ። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥላሸትን በሙጫ ይዘው ጥቁር ቀለም ሲሠሩ ኖረዋል። ስለዚህ መስተዋት ላይ ጠርሙስ ሳሽከረክር አዲስ ነገር የጀመርኩ አይመስለኝም።

የአፈሩ ቀይ ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ቃል ያጥረኛል። አልትራማሪን ድሮ ከአፍጋኒስታን ባዳክሻን ተራሮች ከሚወጣ ድንጋይ ይዘጋጅ ነበር፤ ዋጋው አይቀመስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 ፈረንሳይ ውስጥ በርካሽ ሊሠራው ለሚችል ሰው 6,000 ፍራንክ ሽልማት ተዘጋጀ፤ በ1828 ዣን ባፕቲስት ጊሜ ተሸለመበት። ዛሬ የእኔ ቢጤው እንኳን ሊገዛው የቻለው በዚያ ምክንያት ነው። ሁለቱን እርጥብ ወረቀት ላይ አንድ ላይ ልቀቋቸው። ሰማያዊው ቅንጣቶቹ እየተያያዙ በወረቀቱ ጎድጓዳ ነጥቦች ውስጥ ይረጋል፤ ቀዩ በመሀሉ ይንሳፈፋል። ሲደርቅ ግራጫ ነው፣ ግን ቀረብ ስትሉ በግራጫው ውስጥ ሰማያዊም ቀይም ለየብቻቸው ይታያሉ። የነሐሴ ደመና ነው። በቱቦ የሚሸጥ አንድም ግራጫ ይህን አይሰጣችሁም።

አገራችንን በውሃ ቀለም ያየ ሰውም በጣም ቀደም ብሎ ነበር። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የጣሊያኗ ቦሎኛ ተወላጅ ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ጋር በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጥቶ ጎንደር ገብቷል፤ እዚያው ጎንደርም ሞቷል። ኮሶን ጨምሮ የዕፅዋታችንን ሥዕሎች ትቶልን ሄደ። ዛሬ በአሜሪካ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል፤ ስሙ ግን ከብሩስ ዝና ጀርባ ለረጅም ጊዜ ተጋርዶ ኖረ። የኮሶን አበባ ለመሣል የሞከረ ሰው ሥራው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቀዩ ዘለላ እልፍ ትንንሽ አበባ ነው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላው ይደርቃል። ይህን ሰው የምናስብበት ኤግዚቢሽን አዲስ አበባ ላይ ማየት ምኞቴ ነው።

ቀለሞቼን ፀሐይ ላይም ፈትኛቸዋለሁ። ወረቀት ላይ ቀብቼ ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ መስኮት ላይ ለጠፍኳቸው። ከልጆች ሣጥን የወሰድኩት ሐምራዊ ከአንድ በጋ በኋላ ያልተሸፈነው ግማሹ ነጥቷል። የእንጦጦው ቀይ የተሸፈነውና ያልተሸፈነው አይለይም። ብረቱ ከፀሐይ ጋር ከተዋወቀ ቆይቷል!

አሁን ክፍለ ሀገር ለሚሄድ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ የማሲዘው ትንሽ ፌስታል ነው፤ ከመንገድ ዳር አንድ እፍኝ አፈር ብቻ። ከጎጃም የመጣው ወደ ቸኮሌት ያደላል፤ ከአርባ ምንጭ በኩል የመጣው ሲሰለቅ ያልጠበቅሁትን ብርቱካናማ ሰጠኝ። ከኮንሶ እርከኖች በኩል ገና አልደረሰኝም። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ አፈሩን ከማንሣታችሁ በፊት ባለእርሻውን አስፈቅዱ፤ ቢጫ ካገኛችሁ ደግሞ ቀዩን ትታችሁ ቢጫውን አምጡልኝ፣ ቆልተን ቀዩን ከእሱ እናወጣዋለን።