የሽፈራው ቅጠል አደራረቅ

ሽፈራው፣ በጋሞ አጠራር ሀለኮ፣ በኮንሶ፣ በጋሞና በደራሼ ደረቅ ቆላዎች ሰው ተክሎ የሚያሳድገው ዛፍ ነው። የኮንሶ ገበሬ በግቢውና በድንጋይ እርከኑ ላይ ከማሽላው ጋር ያበቅለዋል፤ ይህ የእርከን መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው አትክልት ሲደርቅ ሽፈራው ቅጠሉን አይነፍግም። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ፣ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ከሚድቦለቦለው ኩርኩፋ ጋር ይበላል። ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ብረትና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ካሮቲን አለው፤ ከእህል ሌላ ብዙም ለማያገኝ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ ያሉ ደጋ አካባቢዎች ናቸው። ዛፉ ውርጭ አይችልም፤ በሱሉልታ ሜዳ ችግኙን መትከል ድካም ብቻ ይሆናል። የእነዚህ አካባቢዎች ነዋሪ ሽፈራውን የሚያገኘው ደርቆና ተፈጭቶ ስለሆነ፣ የሚያገኘው ጥቅም በአደራረቁ ይወሰናል።

ቅጠሉ በተቀጠፈበት ቀን ይታጠባል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ከዘንጉ ይለቀማል። ከዚያ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በመረብ ላይ ሳሳ ተደርጎ ይሰጣል፤ በየጊዜውም ይገላበጣል። ብዙ ቅጠል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቶሎ ይድረቅ ተብሎ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ካሮቲኑ በብዛት ይጠፋል፣ መልኩም ይገረጣል። ተከምሮ ከተሰጣ ደግሞ ከሥር ይሻግታል። በጣት ሲታሽ የሚፈረፈር ሲሆን ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ብርሃንና እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ይቀመጣል። ጥሩ አድርጎ ያደረቀም ቢሆን የቫይታሚን ሲውን አብዛኛውን ክፍል አያድነውም፤ ለዚያ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ያስፈልጋል።

ገንዘቡም ያለው በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ትኩስ ቅጠል ቶሎ ስለሚጠወልግ ከአካባቢው ገበያ ብዙ አይርቅም፤ በደንብ የደረቀው ግን አዲስ አበባና ዙሪያዋ ድረስ ይጓዛል። ማድረቁና ማሸጉ ዛፉ በበቀለበት ቀበሌ ቢሠራ ትርፉ ለገበሬው ቤት ይቀራል። ፍሬውም ዘይት ይወጣዋል፤ ተወቅጦ ሲጨመርበትም የደፈረሰ ውሃ ያጠራል፣ ውሃው ግን ከዚያ በኋላ መፍላት አለበት።

ገዢ ዱቄቱን በመልኩ ይለየው፦ አረንጓዴውን ይውሰድ፣ ቡኒ የሆነውን ይተው። ወጥ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይሻላል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽፈራውን በየቀኑ መጠቀም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።