በውስን ገንዘብ የእንጨት ቶርኖ መምረጥ

የእንጨት ቶርኖ ምርጫ የሚጀምረው ከዋጋው ሳይሆን ከሚሠራበት ዕቃ ነው። እስክሪብቶ፣ የመሮ እጀታና ትንንሽ ሳህን ለሚሠራ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ቶርኖ ይበቃዋል። የዚህ ዓይነቱ ማሽን በአብዛኛው እስከ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው እንጨት ያዞራል። እንጨቱን በሚይዙት ሁለት ሹል ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ግን የጠረጴዛ እግር አይወጣበትም።

ቀጥሎ የሚታየው ክብደት ነው። አካሉ ከቀጭን ብረት የተሠራ ርካሽ ማሽን ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም በእንጨቱ ላይ ሸንተረር ሆኖ ይቀራል። ከባድ ጠረጴዛ ላይ ማሰርና ሥሩን በአሸዋ ከረጢት መጫን ችግሩን ያቀልላል እንጂ የሳሳ አካል አያጠነክርም።

ሻጭ የሚያወድሰው ከፍተኛውን ፍጥነት ነው፤ ገዢ መጠየቅ ያለበት ግን ዝቅተኛውን ነው። በተለምዶ በሴንቲ ሜትር የተለካው ዲያሜትር በደቂቃ ዙር ሲባዛ ከ15,000 እስከ 23,000 መሆን አለበት። ስለዚህ 25 ሴንቲ ሜትር ሳህን ከ600 እስከ 900 ዙር ይበቃዋል፤ ገና ያልተስተካከለ የወይራ ጉማጅ ደግሞ ከዚያም ዝግ ብሎ መጀመር አለበት።

የዋናው ዘንግ ጥርስ የተለመደ መጠን ያለው፣ ለምሳሌ 1 ኢንች ባለ 8 ጥርስ ወይም ኤም 33 ቢሆን ይመረጣል፤ እንጨት የሚነክሰው ቻክ ከሌላ ቦታም ሊገዛለት ይችላል። ያገለገለ ማሽን ሲገዛ ዘንጉ በእጅ ይነቀነቃል፤ ከላላ ኩሽኔታው አልቋል። የኋላው ደጋፊ ወደ ፊት ሲጠጋ ሁለቱ ሹሎች ጫፍ ለጫፍ መገጣጠም አለባቸው።

ከአሜሪካ የሚመጣ ማሽን ለ110 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ከኢትዮጵያው 220 ጋር ያስታርቃል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። በኢትዮጵያው 50 ኸርዝ ተራው ሞተር ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ገደማ ይቀንሳል፤ ይበልጥም ይግላል።

ገንዘቡ ሁሉ በማሽኑ ላይ ማለቅ የለበትም። መሮ፣ መሳያ ድንጋይና የፊት መከላከያ የግድ ያስፈልጋሉ። የደነዘ መሮ በውድ ቶርኖ ላይም ዋንዛን ይቦጫጭቃል፤ የተሳለው በመጠነኛውም ላይ አልስልሶ ይላጫል። በጀቱ ካልበቃ የሚቀነሰው የማሽኑ መጠን ነው።